ያበደች ላም ወተት የጠጡ ልጆች መርፌ ያስፈልጋቸዋል? (ከጠዳ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ይዟታል ስለተባለች ላም የከፈትኩት ይህ ውይይት ረዘመ፤ አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ አቅቶት ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ጥያቄውን የከፈትኩት እኔው የተባለውን በተራ ቁጥሩ እያስከተልኩ በራሴ አፍ ልንገራችሁ ብያለሁ። ያሳጠርኩበት ሰው ቅር አይበለው። ስድቡንም ዘልዬዋለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

የመክፈቻው ጥያቄ

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እናቴ ጠዳ ናት፤ አንዲት የምትታለብ ላም ነበረቻት፣ ከነጥጃዋ። በጥምቀት ሰሞን፣ መንደርተኛው ታቦት ሊያጅብ ወጥቶ ሳለ፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቡላ ውሻ ገብቶ ሁለት ውሾችና አንድ አህያ ነከሰ፤ ሲያልፍ የእናቴንም ላም አፍንጫዋ ላይ ጫር አድርጓት ሄደ። ቁስሉ በሳምንቱ ደረቀ። እኛም ረሳነው።

መጋቢት ሲገባ ላሟ ገለባ ማየት ጠላች። በማግስቱ ለሃጯ እንደ ክር እየተጎተተ ደረቷን ያርስ ጀመር። ድምፅዋ ጎርንኖ ሌሊቱን ሙሉ ስታገሳ ታድራለች። ውሃ ሲቀርብላት አፏን ትነክራለች፣ ግን አይወርድላትም፤ በአፍንጫዋ ይመለሳል። ፋጉሎ አንቋት ይሆናል ብለን ወንድሜ እጁን አስገብቶ ጉሮሮዋን ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም። በአራተኛው ቀን የኋላ እግሯ ከዳት፤ በስድስተኛው ሞተች።

ሁለቱ ልጆቼ፣ የ6 እና የ4 ዓመት፣ አያታቸው ዘንድ ነበሩ። እኛ ትልልቆቹ ጾም ላይ ስለሆንን ወተት አልቀመስንም። እነሱ ግን ላሟ ልትታመም ሰሞንም፣ መብላት በተወችበት ቀንም ጠጥተዋል። ከሞተች ሁለት ቀኗ ነው። ልጆቼን መርፌ ላስወጋ? እናቴ ለፋሲካ ብላ ያጠራቀመችው ቅቤስ ይደፋ?

የጻፍኩት ይህን ነበር። የወንድሜን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ብልጭ አድርጌ እንዳለፍኩት እዩልኝ። ያን ሌሊት የታየኝ የልጆቼ የወተት ኩባያ ብቻ ነበር።

1. የመጀመሪያው መላሽ እግዜር ሌላ ላም ይተካልሽ፣ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ ብሎ መረቀኝ። ስለ በሽታው ምንም አላለም። ለምርቃቱ ግን እስካሁን አመሰግነዋለሁ፣ ቀጥሎ የመጣውን ሳስበው።

2. አንዲት እህት ወተቱ ፈልቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

3. እኔ ነኝ። ለልጆቹ የሚሰጠው ፈልቶ ነው፤ እርጎው ግን ጥሬ ወተት ረግቶ ነው፣ ትንሹም እርጎ ይወዳል ብዬ መለስኩ። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ወተት ላይ ሰፈረ።

4. ጤና ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ረጋ ብሎ አስረዳ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ሙቀት አይችልም፤ የፈላ ወተት የጠጣ ልጅ አያሰጋም። ጥሬው ላይ ግን ሐኪሞች ለጥንቃቄ ሲሉ የሚከትቡበት ጊዜ አለ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በ1996 እና በ1998 እ.ኤ.አ. ያበዱ ላሞችን ያልፈላ ወተት የጠጡ ሰዎች እንዲህ እንደተከተቡ ነገረን። ይህን ያደረጉት ወተቱ ሰው ሲገድል አይተው ሳይሆን፣ በሽታው አንዴ ከታየ መመለሻ ስለሌለው ነው አለ። የእርጎውን ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪ፣ ልጆቹን ግን አታስደንግጪያቸው ብሎ ጨረሰ።

5. ይኼኛው በቁጣ ገባ። የፈረንጅ ላምና የኛ ላም አንድ አይደለም፤ እሱ የሚያውቀው ቤተሰብ ከነልጆቹ በወተት አልቋል፤ 4 ቁጥር የመጽሐፍ ሰው ነው፣ በረት አይቶ አያውቅም አለ።

6. ሌላ ሰው ለስለስ ብሎ ያ ቤተሰብ ከወተቱ ሌላ ምን ነካ፣ ላሟንስ ማን ገፈፋት ብሎ ጠየቀው።

7. ባለ 5 ቁጥሩ ተመልሶ አመነ። ላሟ ልትሞት ስትል ታርዳ ሥጋዋ ለመንደሩ ተከፋፍሏል፤ ቆዳዋን የገፈፈው አባትየው፣ ጭንቅላቷን የፈለጠው ትልቁ ልጅ ነበር። ማመኑ የጨዋ ነው። ግን ወተቱ ነው እንዳለ ቀረ።

8. ባለ 4 ቁጥሩም ዕድሉን አላሳለፈውም። ቫይረሱ በብዛት ያለው ምራቅ፣ አንጎልና ህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ) ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚያሰጋው ጭንቅላት መፍለጥና ምላስ ማውጣት ነው፤ ቢላዋ ጣት ሲስት ደግሞ ቁስሉም አብሮ ይገኛል። ቬትናም ውስጥ ማንም ሳይነክሳቸው የታመመ ውሻና ድመት አርደው ሲያሰናዱ የተያዙ ሰዎች እንዳሉ ጠቀሰ። በደንብ የበሰለ ሥጋ ቫይረሱ ይሞትበታል፤ ቢሆንም አብዷል የተባለ ከብት ጨርሶ አይታረድ፣ ጥሬ የሚበላ አገር ውስጥ ደግሞ ወሬውም አይነሳ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመስክር። ላሟ በቆመችበት ጎረቤት መጥቶ ሥጋዋ ሳይበላሽ እንረዳትና ለፋሲካ በቋንጣ ይቀመጥ ብሎ እናቴን ለምኗት ነበር። እናቴ እምቢ ያለችው ስለ ቫይረስ አውቃ አይደለም። በጾም ቢላዋ ደም አይነካም ብላ ነው።

9. ሬሳው የት ደረሰ ተባልኩ። ወንዶቹ ጎትተው ገደል ጣሏት፣ ሌሊቱን ጅብ ጨረሳት አልኩ።

10. ይህን የጻፈው ሰው ቢያገኘኝ የሚመታኝ ይመስል ነበር። ያበደ ከብት ለጅብና ለውሻ መጣል በሽታውን መልሶ ለመንደሩ ማካፈል ነው፤ በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር ነበረባት፤ ከዚያም በፊት ጭንቅላቷ በባለሙያ እጅ ተወስዶ ለምርመራ መላክ ነበረበት አለ። ምርመራው በአንጎል ነው የሚሠራው፤ አንጎሉ ከሌለ ላሟ በርግጥ በምን እንደሞተች የሚያረጋግጥልሽ የለም አለኝ። ደነፋብኝ እንጂ አንድም ቃል አልተሳሳተም።

11. ውይይቱ የተገለበጠው እዚህ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ ያለች እህት ስለ ወተትም ስለ ቅቤም አንድ ነገር አልተናገረችም። ወንድምሽ ያስገባው የትኛውን እጁን ነው፣ እጁ ላይ ጭረት ወይም ስንጥቅ ነበረው ወይ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ቀን ሆነ ብላ ሦስት ነገር ጠየቀች። ሌላ መስመር የላትም። ቀደም ብለው የመለሱት ሰዎች ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ያንን ዓረፍተ ነገር አንብበነው አልፈናል።

12. እኔ ነኝ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ወንድሜን ደውዬ ቀሰቀስኩት። እሱ ድንጋይ ጠራቢ ነው። እጁን ያየ ሰው ጥያቄውን አይጠይቅም፤ መዳፉ እንደ በጋ መሬት የተሰነጠቀ ነው፣ የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ደግሞ መሮ የሳተው ቁስል ነበረው። ያስገባው ቀኝ እጁን ነው። ላሟ ጥርሷን ገጠም ስታደርግበት ክርኑ አጠገብ ቆዳው ተላጠ። የታጠበው በውሃ ብቻ ነው፣ ያውም ምሳ ሊበላ ሲል። ስድስት ቀን ሆኖታል። ይህን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ ውሻ ሳይነክሰው ምን መርፌ እንደሚያስፈልገው ጠየቀኝና ተኛ።

13. አንድ ሰው ከወንድሜ ጎን ቆመ። በሽታው ስሙ ራሱ የእብድ ውሻ ነው፤ ላም ነክሳ ያሳበደችው ሰው አይቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ላሟን ለ10 ቀን ጠብቃችሁ እዩ አለ። ላሟ መሞቷን አላነበበም።

14. የእንስሳት ሐኪሟ መለሰች፣ ይኼ ረጅም ነው፣ አላሳጥረውም። 10 ቀን መጠበቅ የሚባለው ለነከሰ ውሻና ድመት ነው፤ ደህና መስሎ የነከሰ ውሻ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታምሞ ይታወቃል ወይም ይሞታል። ለላም የተለካ ቀን አይደለም። ስሙ የውሻ የሆነው በዓለም ላይ በበሽታው ከሚሞቱት ሰዎች እስከ 99 ከመቶ የሚሆኑት የሚይዛቸው ከውሻ ስለሆነ ነው፤ ቫይረሱ ግን ጡት አጥቢ ሆኖ የማይገባበት የለም። አህያ፣ ፍየል፣ ድመት፣ ጅብ፣ ሁሉም ይታመማሉ። ላም ስትታመም ጉሮሮዋ ሽባ ይሆንና መዋጥ ያቅታታል፣ ለሃጩ የሚዝረከረከውም ለዚህ ነው። ባለቤቱ አንድ ነገር አንቋታል ይልና እጁን ይከታል። ከብት አርቢ በከብቱ የሚጋለጥበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው አለች፤ የተማረችውም በትምህርት ቤት ብቻ እንዳልሆነ አነጋገሯ ያስታውቃል።

ቀጠለች። ምራቅ የተከፈተ ቆዳ ላይ ካረፈ እንደ ከባድ ንክሻ ነው የሚቆጠረው። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ ነርቭ ለነርቭ እየተሳበ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል፣ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴም ዓመት። ፊትና አንገት ላይ የተነከሰ ሰው መንገዱ ስለሚያጥር ቶሎ ይታመማል። ክትባቱ የሚሠራው ይህን ጉዞ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው፤ ስለዚህ ስድስት ቀን ዘግይቷል ማለት ቀርቷል ማለት አይደለም። ምልክት እስካልታየ ድረስ ዛሬም ይጀመራል። ዛሬ ሌሊት የሚደረገው ግን ሳሙና ነው፦ በሚፈስ ውሃ፣ በልብስ ሳሙናም ቢሆን፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። ቫይረሱ የስብ ሽፋን አለው፤ የወጥ ድስት ቅባት ሳሙና ሲነካው እንደሚለቅ ሁሉ እሱም ይፈርሳል። ዋናው መታጠብ ወዲያውኑ ሲሆን ነበር፤ አሁንም ግን አይቅር።

15 ደቂቃ ሲሉት አጭር ይመስላል። ወንድሜን በስልክ ቆሜ አሳጠብኩት፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ በቃኝ አለ። አቦል እስኪፈላ ድረስ ነው፣ ቁጠር አልኩት።

ስለ እናቴም ጠየቀችኝ። እናቴ የላሟን ለሃጭ በጨርቅ ስትጠርግ ነበር የሰነበተችው። ልጆቹ ግን ግንባሯን ነው የዳሰሱት። ደህና ቆዳ ላይ ያረፈ ምራቅ ታጥቦ ይበቃል፤ እናትሽን ግን ከወንድምሽ ጋር አብረሽ ውሰጃት፣ እጇን እዚያ ያዩላት አለችኝ።

15. አንድ አባት ገቡ። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። በልጅነታቸው ውሻ ነክሷቸው፣ በዚያ ዘመን የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር፤ 14 ቀን በተከታታይ፣ እምብርታቸው ዙሪያ። በየቀኑ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ አብጦ ነበር። አባታቸው በጫንቃቸው ተሸክመው እያመላለሷቸው፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ዝናብ ይዟቸው ከአንድ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው ሁለቱም እንዳለቀሱ ጻፉ። የዛሬው መርፌ ክንድ ላይ ነው፣ አራት ወይ አምስት ጊዜ ነው፣ ወንድምሽ ምን ሆኖ ነው የሚፈራው አሉ።

16. የእንስሳት ሐኪሟ ለአባታችን ክብር ሰጥታ አንድ ነገር ጨመረች። የነርቭ ክትባት የሚባለው ያ መድኃኒት አንዳንዱን ሰው ሽባ እስከማድረግ ይደርስ ስለነበር የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቅር ሲል ኖሯል። በአገራችን ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ተሠርቶበታል። ሰው መርፌውን የሚሸሸው የዚያን ሆድ ትዝታ ይዞ ነው አለች።

17. ይጠበቅ የነበረው መጣ። ባለመድኃኒት አውቃለሁ ያለ ሰው በእንዶድ ሥር የሚሠራ ነገር አለ፣ አንዴ ተጠጥቶ ያልቃል፣ ብቻ የጠጣ ሰው 40 ቀን ወንዝ መሻገር የለበትም አለ። አያቱ ጠጥተው ቡችላ የመሰለ ነገር በሽንታቸው እንደወጣ ምሎ ተናገረ። ወንድሜ መገጭን በቀን ሁለቴ የሚሻገር ሰው ነው። ይህን ብጽፍ ሰው ሳቀ፣ ሰውዬው ተቆጣ።

18. ባለ 10 ቁጥሩ ተመልሶ አያቱን የነከሳቸው ውሻ አብዶ ለመሆኑ ማን መረመረው አለ። ያላበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውሃ ቢጠጣም ይድናል፤ ካበደ ውሻ ከተነከሱትም ሁሉም አይታመሙም፤ ባለመድኃኒቱ የሚቆጥረው የዳኑትን ነው፣ የሞቱት መጥተው አይመሰክሩም አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቃሉን ዘልዬዋለሁ።

19. ባለ 17 ቁጥሩ እንዶድ የልብስ ሳሙና ሆኖ ያገለገለ ተክል ነው፣ ንቀታችሁ ከየት መጣ ብሎ መለሰ። ይኼ እውነት ነው፣ ግን ለሚጠጣ አይደለም ለሚታጠብ።

20. አንድ ካህን መሃል ገቡ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ጸሎትም ይያዝ፤ ጠበል ግን መርፌ አትወጉ ብሎ አያውቅም አሉ። የእብድ ውሻ የነከሰው ሰው መርፌውን ትቶ ጠበል ቦታ ሲመጣ አይተዋል፤ ውሃው ገና ሲረጭበት ጉሮሮው ታንቆ የሚያደርገውን ያዩ ሰዎች ርኩስ መንፈስ ነው እያሉ ጨምረው ይረጩታል። እሳቸው ይህን ካዩ ወዲህ ተነክሼ ነበር የሚል ሰው ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት የክትባት ካርዱን ነው። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጻፈም።

21. ከታመሙ በኋላ የዳነ ሰው የለም ወይ ብሎ አንድ ወጣት ጠየቀ።

22. ባለ 4 ቁጥሩ መለሰ። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሌሊት ወፍ የነከሰቻት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ሳትከተብ ታማ፣ በመድኃኒት እንድትተኛ ተደርጋ ተርፋለች። ያው ሕክምና በሌሎች ላይ ቢሞከር ግን ብዙዎቹን አላዳነም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞትበታል ተብሎ ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በዚህ ቁጥር ፊት የዳኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው አለ።

23. ታሪክ ወዳድ የሆነ ሰው በሽታው በኢትዮጵያ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደሚታወቅ፣ ማለትም ጎንደር ከተማ ከሆነች ወዲህ፣ አዲስ አበባ ላይ በነሐሴ 1903 እ.ኤ.አ. ትልቅ ወረርሽኝ እንደተነሳ፣ በዚያው ዓመት ኔግሪ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በታመመ እንስሳ የአንጎል ሴል ውስጥ የበሽታውን ምልክት እንዳገኘ ጻፈ። ቀጥሎ የመጣው ሰው ውሻ ምን አገባት ከእርሻ ብሎት አለፈ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ፋሲል ግቢ ግንብ ሥር የሚተኙት ውሾች ቅድመ አያቶቻቸውም እዚያው ነበሩ ማለት ነው።

ከ24 እስከ 27 ያለው ስለ ከተማው ውሾች ነው። አንደኛው ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ በጨለማ ማለፍ አይቻልም፣ በመርዝ ይፍጇቸው አለ። ሌላዋ በልጅነቷ መርዝ የተነሰነሰበትን ሥጋ የሷም ውሻ በልቶ ደጃፏ ላይ ሲንፈራገጥ ያየችውን ጻፈች፤ ያ ሰውዬ ዝም አለ። የእንስሳት ሐኪሟ እንዳለችው ውሻ መግደል በሽታውን አያጠፋውም፤ ቦታው ክፍት ሆኖ አይቆይም፣ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይገባበታል። የሚያጠፋው ከአሥር ውሻ ሰባቱን መከተብ ነው። ባለቤት ያለውን ውሻ እንኳ የሚያስከትብ ጥቂት ነው፣ ለበሬው ግን ቀን ቆጥሮ ይመጣል አለች። የመስቀል ማግስት፣ የእብድ ውሻን ክትባት መጀመሪያ የሠራው ፈረንሳዊው ፓስተር በ1895 እ.ኤ.አ. የሞተበት ቀን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ተብሎ በዓለም ይታሰባል፤ ከዚያ ሰሞን ውሻችሁን ይዛችሁ ጠይቁ ብላለች። ደባርቅ የሚኖር ሰው ደግሞ የስሜንን ቀይ ቀበሮ አነሳ። ከ500 የማይበልጥ ቀበሮ በቀረበት አገር የእረኛ ውሻ የሚያመጣው በሽታ ከጥይት ይብሳል፤ ባሌ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ሲገባ ቀበሮዎቹን እየያዙ እስከመከተብ ተደርሷል።

28. እኔ ነኝ፣ ብሶቴን ይዤ። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜንና እናቴን ይዤ የሄድኩበት የመጀመሪያው ቦታ ፍሪጁን ከፍተው አሳዩኝ፤ የእብድ ውሻ ክትባት አልነበረም። መቼ እንደሚመጣም አልነገሩኝም። እንዲያውም ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ላም የነከሰችው ሰው ብሎ ሳቀ፣ ወንድሜም አብሮ ሳቀና ሊመለስ ፈለገ። እናቴ ናት የነጠላዋን ጫፍ እጁ ላይ ጠምጥማ የጎተተችው። ሁለተኛው ቦታ ክትባቱ ተገኘ። በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ሌላው መድኃኒት ግን፣ ክትባቱ እስኪሠራ ድረስ ቫይረሱን የሚይዘው ዝግጁ መከላከያ፣ እዚያም አልነበረም። ሦስተኛ ቦታ ሄደን በሦስተኛው ቀን አገኘነው፤ ክትባቱ ከተጀመረ ከሰባት ቀን በኋላ ቢሆን ጥቅም እንደሌለው የነገረችኝን ነርስ እጅዋን ልስም ምንም አልቀረኝም ነበር። ጣቱ ላይ ሲወጋ ድንጋይ ጠራቢው ወንድሜ ጮኸ።

29. ባለ 13 ቁጥሩ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ላሟ መሞቷን አላየሁም ነበር አለ። ስለ ቀረው ዝም አለ።

ከ30 በኋላ ያለው ቅቤ ነው። ሁሉም ያበደ ይመስል። አንዷ ቅቤው ይደፋ አለች። ሌላዋ ከኮረሪማና ከበሶብላ ጋር ሲነጠር እሳት ላይ የሚቆየውን ያህል የሚቋቋም ቫይረስ የለም አለች፤ ባለ 4 ቁጥሩም ሙቀቱ ይገድለዋል ብሎ አጸናላት። አንድ ሰው ለማንኛውም የጠዳ ቅቤ ከደምቢያ ቅቤ አይደርስም ብሎ ጣልቃ ገባና አሥራ አንድ ሰው ተነሳበት። ደምቢያዎች ሲናገሩ የሰነበቱትን እዚህ አልደግመውም። ከመሃል አንድ ሰው ወንድሜ በፋሲካ ጠላ ይጠጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። የእንስሳት ሐኪሟ ጠላው ክትባቱን አያጠፋውም፣ ቀኑን እንዲረሳ ካደረገው ግን ያው ነው አለች። 0፣ 3፣ 7፣ 14 ብለው የጻፉለትን ካርድ እናቴ የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። 28ኛውም ቀን ተጽፏል፣ የሚውለውም በፋሲካ ሳምንት ነው።

44. የእንስሳት ሐኪሟ ናት፣ ሰው ሁሉ ቅቤ ላይ ሳለ። ጥጃዋስ ብላ ጠየቀች።

45. እኔ ነኝ፣ የመጨረሻው። ልጆቹ ክትባት አላስፈለጋቸውም፤ ስለ እርጎው ጤና ጣቢያ ነግሬ፣ እርጎው ላሟ ከመታመሟ ብዙ ቀን በፊት የረጋ መሆኑን ቆጥረው መለሱን። እናቴ እጇ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ስለነበራት ተከተበች። ወንድሜ አራተኛውን ትናንት ተወጋ። ጥጃዋ እናቷን እስከ መጨረሻው ቀን ስትጠባና ስትልሳት ነበር፤ ለወራት ለብቻዋ ታስራ ትጠበቅ፣ አፏን ማንም አይንካ ተብለናል። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከልጆቹ ርቃ ታስራለች። ጠዋት ጠዋት ባልዲው ይገፋላታል፤ እናቴ በዱላ ርቀት ቆማ ጉሮሮዋን እያየች ጉንጩን ትቆጥራለች። ዛሬ አሥራ ሰባት ጉንጭ ጠጣች ብላ ደወለችልኝ።